ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል አሉኝ፤ መጠኑን ልጨምር?

ባለኩሬው

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ነው የምጽፈው፤ ከረዘመ ታገሡኝ።

አራት የቆሮሶ ኩሬዎች አሉኝ። ባለፈው ዓመት አንደኛው ኩሬ ውስጥ በሽታ ገባ። ዓሦቹ ቆዳቸው ላይ ቀያይ ቁስል ወጣ፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው አፈጠጠ። መኖ የሚያመጣልኝ ሰው «ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከመኖው ጋር ለውሰህ ስጣቸው» አለኝ። ሰጠሁ። በሳምንቱ ሞቱ ቀነሰ፤ እፎይ አልኩ። ከሦስት ወር በኋላ በሽታው ተመለሰ። ደግሜ ሰጠሁ፣ ደግሞ ሻል አለ። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም። አሁን በየጠዋቱ ሠላሳም አርባም የሞተ ዓሣ በመረብ እየለቀምኩ አወጣለሁ።

በመጨረሻ የታመመ ዓሣና የኩሬ ውሃ ይዤ ላብራቶሪ ሄድኩ። ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው አሉኝ። ከሞከሯቸው መድኃኒቶች ሦስቱ አልነኩትም፤ አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን አራተኛው ኩሬ ነው። እዚያ አንድም ቀን መድኃኒት አልጨመርኩም። ውሃ የሚገባበትም ለብቻው ነው። ሲመረመር ግን እዚያም መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘ።

መጠኑን እጥፍ ባደርገው ይሠራል? ወይስ ጠንከር ወዳለ መድኃኒት ልሂድ? ዓሦቼን ማጣት አልፈልግም። ሰው የሚጎዳ ነገር ለሰው መስጠትም አልፈልግም።

የላብራቶሪ ልጅ

ወንድሜ፣ እባክህ መጠኑን አትጨምር። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

ያንተ ኦክሲቴትራሳይክሊን ቴትራሳይክሊን ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ቴትራሳይክሊንን የተላመዱ ብዙ ባክቴሪያዎች ገላቸው ላይ እንደ ፓምፕ የሚሠራ ፕሮቲን አላቸው። መድኃኒቱ ሲገባ መልሰው ይተፉታል። ሌሎቹ ደግሞ መድኃኒቱ የሚያጠቃውን ቦታ ይከልሉታል። እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ እጥፍ መጠን አይበግረውም። እጥፉ የሚገድለው መድኃኒቱን ያልተላመዱትን፣ ማለትም እስካሁን ከዚህኛው ጋር ቦታና ምግብ ሲሻሙ የነበሩትን ነው። ኩሬውን ጠርገህ ለእሱ ትለቅለታለህ።

ሌላው፣ መድኃኒቱን ማን እየወሰደው እንደሆነ አስብ። የታመመ ዓሣ አይበላም። በመድኃኒት የተለወሰውን መኖ የሚበላው ገና ጤነኛ የሆነው ነው። የተረፈው ወደ ታች ይሰጥማል። የተበላውም ቢሆን አብዛኛው በዓሣው ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ስለሚጣበቅ የዓሣ አንጀት በደንብ አይመጠውም፤ ከኩስ ጋር ይወጣል። ብርሃን ያለበት ውሃ ላይ ቶሎ ይፈርሳል። ጭቃ ውስጥ፣ ብርሃንም ኦክስጅንም በሌለበት ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ከዓሦችህ ይልቅ ስታክም የከረምከው ጭቃውን ነው። ያውም በትንሽ በትንሹ። ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ መጠን። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የሞተ ዓሣ የሚለቅም ሰው የተነገረውን መሞከሩ አይፈረድበትም።

አራተኛው ኩሬ ለእኔም ጥያቄ ነው። መረቡ አንድ ነው? ባልዲው? ጫማህስ?

ባለኩሬው

መረቡም ባልዲውም አንድ ነው። ጫማዬም። ይህን አስቤው አላውቅም።

ጨረቃ

ጣልቃ ልግባና፣ ዓሣ አብስለን አይደል የምንበላው? ባክቴሪያ እሳት ላይ ይሞታል። የተላመደውም ያልተላመደውም እኩል ነው የሚሞተው። ታዲያ ይህን ያህል መደናገጥ ለምን? ከልቤ ነው የምጠይቀው፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለኝ።

ነርሷ

ጨረቃ፣ ትክክል ነሽ፤ በደንብ ከበሰለ ይሞታል። መድኃኒት መላመድ እሳት መቋቋም አይደለም። ለልጅሽ በደንብ የበሰለ ዓሣ ስትሰጪ አትጨነቂ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከድስቱ በፊት ያለው ነው። ጥሬውን የሚያጥበው፣ የሚገነጥለው፣ ቅርፊቱን የሚፍቀው እጅ። ኤሮሞናስ በቁስል ገብቶ ሰውን ያሳምማል። በሥራዬ እጁን የዓሣ እሾህ ወግቶት እስከ ክርኑ ያበጠ ሰው አስተናግጃለሁ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም፤ የሠራው ሁለተኛው ነው። ባይሠራስ ኖሮ እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ከዓሣ ኩሬ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም፤ አይደለምም። የሆስፒታል፣ የከብት፣ የዶሮና የኩሬው መድኃኒት ግን መጨረሻው አንድ ውሃ ነው። ባለኩሬው፣ ዓሣ ስትለቅም ጓንት አድርግ። እጅህ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ውሃው ውስጥ አትግባ።

የላብራቶሪ ልጅ

ነርሷ ባለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ይህ ነው።

ባክቴሪያው ቢሞትም ባይሞትም፣ የመላመድ ችሎታው ያለው ጂን ላይ ነው። ያ ጂን ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከዋናው ክሮሞሶም ተለይቶ በሚኖር የዲ ኤን ኤ ቀለበት ላይ ይቀመጣል። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ቅጂውን ያቀብለዋል። ዘመድ መሆን አይጠበቅባቸውም። ዓሣ ላይ የሚኖረው፣ ሰው አንጀት ውስጥ ለሚኖረው ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒቶችን ሲቋቋም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ሲከታተሉ ችሎታው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ እንደሚተላለፍ አዩ። የመላመድ ጂን በጥቅል እንደሚጓዝ የታወቀው ያኔ ነው።

ከውሃ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ምሳሌም አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዚያን መድኃኒት ቤተሰብ በከፊል የሚያከሽፍ፣ ኪውኤንአር የሚባል ጂን አለ። በፕላዝሚድ እየተጓዘ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ሲሆን የተገኘው ከታካሚ በተወሰደ ክሌብሲየላ በሚባል ባክቴሪያ ላይ ነበር። ምንጩ ሲፈለግ አንዱ ዓይነት ሼዋኔላ አልጌ በሚባል የባሕር ባክቴሪያ ክሮሞሶም ውስጥ ተገኘ። ከባሕር ተነሥቶ ሆስፒታል አልጋ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

ኩሬ ደግሞ ለዚህ ልውውጥ ይመቻል። ሞቃት ነው፣ ምግብ ሞልቶበታል፣ ከዓሣውም ከሰውም ከወፉም የመጣ ባክቴሪያ ይገናኝበታል። ግድግዳውና ቧንቧው ላይ ያ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን አለ አይደል? ባክቴሪያዎቹ ተጠጋግተው የሚኖሩት እዚያ ነው።

ፈላጊ

ግን እኮ መላመድ ከሰው በፊትም ነበር። 30 ሺህ ዓመት ከቆየ የበረዶ አፈር ውስጥ በወጣ ዲ ኤን ኤ ላይ ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋም ጂን እንደተገኘ አንብቤአለሁ። ያኔ የዓሣ እርባታ አልነበረም። ሁሉን በአርቢው ላይ መከመር ልክ አይመስለኝም።

የላብራቶሪ ልጅ

ያነበብከው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ነው። አንቲባዮቲክ ብዙው መጀመሪያ ከአፈር ተህዋስያን የተገኘ ስለሆነ መከላከያውም አብሮት ነው ያረጀው። ያኔ ግን ጥቂቶች የያዙት ችሎታ ነበር። በየኩሬው መድኃኒት ሲጨመር የያዘው ይተርፋል፣ ያልያዘው ያልቃል፤ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። በአርቢው ላይ መከመር የለብንም ባልከው ግን እስማማለሁ። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በመኖ አቅራቢ እጅ መግባቱ የእሱ ጥፋት አይደለም።

የዓሣ ሐኪም

ክሩን አሁን አየሁት። ባለኩሬው፣ ጥቂት ነገር ልበልህ፤ ጥያቄም አለኝ።

«ጠንከር ወዳለ» ያልከው ያሳስበኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመከረው ኤንሮፍሎክሳሲን ነው። እሱ የሲፕሮፍሎክሳሲን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዓሣ አካል ውስጥም በከፊል ወደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ቤተሰብ ለሰው ሕክምና እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መካከል መድቦታል። ኩሬ ውስጥ አታባክነው። ክሎራምፌኒኮል የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ ጭራሽ አትስማው፤ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ በብዙ አገር የተከለከለ ነው።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚያምታቱት ሁለት ነገር አለ። አንዱ በዓሣው ሥጋ ውስጥ የሚቀር የመድኃኒት ቅሪት ነው። ሌላው የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ለቅሪቱ መጠበቂያ ጊዜ አለ። ዓሣ ላይ የሚቆጠረው በቀን ብቻ ሳይሆን በቀንና በውሃ ሙቀት ብዜት ነው። 500 ከተባለ፣ ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን 20 ቀን፣ 10 ዲግሪ ሲሆን 50 ቀን ትጠብቃለህ። ያን ጠብቀህ ዓሣውን ብትሸጥ ቅሪቱን በተመለከተ ንጹሕ ነህ። ጭቃው ውስጥ ያለውን ጂን ግን ያ ቀን ቆጠራ አይመለከተውም። ስለዚህ «መጠበቂያውን ጠብቄአለሁ» ሲሉኝ ግማሹን እንደመለሱልኝ ነው የምቆጥረው።

አሁን ጥያቄዬ። ኤሮሞናስ የትም ኩሬ ውስጥ ይኖራል። ዓሣ ሲደክም ነው የሚያጠቃው። ታዲያ ዓሦችህን ምን አደከማቸው? ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ኦክስጅን ለክተህ ታውቃለህ? ስንት ዓሣ ነው በአንድ ኩሬ ያለው? ወደ አራተኛው ኩሬ ከመኖ ውጭ የሚገባ ነገርስ አለ? አንድ ነገር ደግሞ ላብራቶሪውን ጠይቅልኝ፤ ምርመራውን በስንት ዲግሪ ነው የሠሩት? የዓሣ ባክቴሪያ በ22 ወይም በ28 ዲግሪ ነው የሚመረመረው። እንደ ሰው ናሙና በ35 ከሠሩት ውጤቱን በጥንቃቄ ነው የማየው።

ሰባት ገንዳ

እኔ ውሃ እያጣራሁ መልሼ የምጠቀም ነኝ፤ ገንዳ እንጂ ኩሬ የለኝም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ሌላው እንዳይደግመው።

አንድ ጊዜ መድኃኒት በቀጥታ ውሃው ውስጥ ጨመርኩ። ማጣሪያዬ ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱም ባክቴሪያ መሆናቸውን ዘነጋሁ። በሦስተኛው ቀን አሞኒያው ሽቅብ ወጣ። ከበሽታው የተረፉት ዓሦች በአሞኒያ አለቁ። ማጣሪያው እስኪያገግም ከወር በላይ ፈጀብኝ። ዛሬ የታመመውን ለብቻው ገንዳ አስገብቼ ነው የማክመው፤ የዚያ ገንዳ ውሃም ወደ ማጣሪያው አይመለስም።

ግን አንድ ነገር ልናገር። እዚህ ክር ላይ መድኃኒት በጠቅላላው ኃጢአት እንዳይመስል። ዓሣ ሲሠቃይ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። እንስሳ ነው፤ ያመዋል።

የዓሣ ሐኪም

ከሰባት ገንዳ ጋር ነኝ። እኔም መድኃኒት አዝዛለሁ። የማዝዘው ግን ባክቴሪያው ተለይቶ፣ የሚሠራበት መድኃኒት በምርመራ ታውቆ፣ ዓሣው ገና መብላት ሳያቆም፣ ቀኑም ሳይቆረጥ ነው። በሽታው እንዳይመጣ ተብሎ በየወሩ የሚሰጠውን ነው አጥብቄ የምቃወመው።

ባለኩሬው

ሐኪም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መለኪያ ተውሼ ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለካሁ። አንደኛው ኩሬ 1.6 ሚሊግራም በሊትር ነው። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ ነበር። እኔ ደግሞ መኖ ፈልገው ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት እንዲያ ሲያደርጉ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ሙቀቱን ጠየቅሁ፤ በ28 ነው የሠራነው ብለዋል።

አራተኛው ኩሬ ላይ የዶሮ ቤት አለ። ከውሃው በላይ በእንጨት የተሠራ ነው። ኩሱ ወደ ኩሬው ይወርዳል፤ አልጌ ያበቅላል፣ ዓሣው ያንን ይበላል። መኖ ስለሚቆጥብልኝ ነው የሠራሁት። እንዲህ አድርጎ ማርባት ጥሩ ነው ተብዬ ነበር።

የላብራቶሪ ልጅ

ዶሮዎቹ መድኃኒት ይወስዳሉ?

ባለኩሬው

ጫጩት ሆነው ውሃቸው ላይ ይጨመርላቸዋል። በኋላም ሲያስነጥሳቸው። ቅድም ስሙን አየሁት። ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው።

የላብራቶሪ ልጅ

የአራተኛው ኩሬ ነገር እንግዲህ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከዶሮው አንጀት የተላመደው ባክቴሪያም የመድኃኒቱ ቅሪትም አብረው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። መረቡና ጫማውም ሳይጨምሩበት አይቀርም። አንተ መድኃኒት አልጨመርኩም ያልከው እውነትህን ነው። ኩሬው ግን በየቀኑ ሲወስድ ነበር።

የዶሮና የዓሣ ጥምር እርባታ በብዙ አገር የቆየ ዘዴ ነው። ሲታሰብ ብልህነት አለው፤ የአንዱ ቆሻሻ የሌላው ምግብ ይሆናል። ዘዴው ሲፈጠር ግን ዶሮዎቹ መድኃኒት አይጠጡም ነበር።

ጨው ውሃ

የሌላ ቦታ ተሞክሮ ላንሣ፤ ተስፋ ስለሚሰጥ ነው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳልመን እርባታ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ይውል ነበር። በኋላ ለዋና ዋናዎቹ በሽታዎች ክትባት መጣ። እያንዳንዱ ትንሽ ዓሣ ባሕር ከመግባቱ በፊት በመርፌ ይከተባል። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልመን እያመረቱ የሚጠቀሙት አንቲባዮቲክ ከአንድ ቶን ያነሰ ነው።

ቺሊም ያንኑ ዓሣ ነው የምታረባው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ500 ቶን በላይ ነው የተጠቀመችው። ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ግን ፍትሐዊ አይደለም። እዚያ ያስቸገረው ፒስሲሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ዓሣው ሴል ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ ክትባቱ እንደ ኖርዌዩ አልሰመረም።

ባለኩሬው

ለቆሮሶስ ክትባት አለ?

የዓሣ ሐኪም

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ለሚያመጣው በሽታ አለ፤ በመርፌ የሚሰጥ። ለኤሮሞናስ ግን ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ አንዱ ክትባት ሁሉን አይሸፍንም። አንተ ኩሬ ላይ ክትባት አሁን መልስ አይሆንም። መልሱ ያ 1.6 ነው። ከ5 ባይወርድ ጥሩ ነው። ቆሮሶ ችግር ይችላል፤ በ1.6ም በሕይወት ያድራል። በሕይወት ማደርና ጤነኛ መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

ዛሬውኑ መኖውን ቀንስ። ዓሣ አሳንስ። ሌሊት ውሃውን የሚያናውጥ ማሽን ካገኘህ ከመድኃኒት ሁሉ ይበልጥብሃል። የዶሮውን ኩስ ወደ ውሃ መልቀቅህን አቁም፤ ብስባሽ ይሁን፣ በደንብ ይብላላ። የሞተውን ዓሣ ኩሬው ዳር አትጣል፤ ከውሃው ርቀህ ጥልቅ ቅበር።

ሰባት ገንዳ

አልጌ ለመግደል መዳብ ሰልፌት የምትጠቀም ከሆነም ተወው። እንደ መዳብ ካለ ብረት የሚከላከለው ጂንና ከመድኃኒት የሚከላከለው ጂን አንዳንዴ አንድ ፕላዝሚድ ላይ ነው የሚቀመጡት። መዳቡ መድኃኒት የተላመደውን እየመረጠ ያቆይልሃል። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።

ነርሷ

ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?

ባለኩሬው

ወደ ጅረቱ። ከታች ሰዎች ጎመንና ሰላጣ ያጠጡበታል።

ነርሷ

ሰላጣ ጥሬውን ነው የሚበላው። ቅድም ጨረቃ የጠየቀችው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ እሳት የማይነካው ምግብ።

የላብራቶሪ ልጅ

ውሃውን በቀጥታ አትልቀቀው። አንድ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረህ መጀመሪያ እዚያ ይርጋ። ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው፤ ደለሉ ሲዘቅጥ ብዙው አብሮ ይቀራል። ከዚያ ሸንበቆና ቄጠማ በበዛበት ረግረግ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢያልፍ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ እንዳታምን። ክሎሪን ልጨምር እንዳትል፤ እንዲህ ጭቃ የበዛበት ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፣ የተረፈው ደግሞ ዓሣ ይገድላል። አልትራቫዮሌት መብራትም ጥርት ያለ ውሃ ነው የሚፈልገው።

አንደኛውን ኩሬ ባዶ ስታደርገው ፀሐይ ይምታው፤ ጭቃው እስኪሰነጠቅ ድረስ ይድረቅ። ከላይ ያለውን ጥቁሩን ጭቃ ዝቀህ አውጣ። ኖራ በትንበት። ያንን ጭቃ ግን አትክልት ላይ አታፍስስ።

ባለኩሬው (ከ7 ሳምንት በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

መድኃኒት ሙሉ በሙሉ አቁሜአለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከበዱኝ፤ ሞቱ አልቀነሰም፣ እጄም ወደ ጆንያው ሄዶ ነበር። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ኩሬ ከሲሶ በላይ ዓሣ አወጣሁ። ለሌሊት ውሃ የሚያናውጥ ማሽን አስገባሁ። ትናንት ንጋት ላይ ሁለተኛው ኩሬ 4.3 ነበር። ዓሦቹ አፋቸውን አላወጡም። ቁጭ ብዬ ሳያቸው እንባዬ መጣ። አሁን በቀን አንድ ወይ ሁለት ነው የሚሞተው፤ ምንም የማይሞትበት ቀንም አለ።

የዶሮውን ቤት ከውሃው ላይ አንሥቻለሁ። ለየኩሬው የራሱ መረብና ባልዲ አለው፤ በቀለም ለይቻቸዋለሁ። አንደኛው ኩሬ ደርቆ ኖራ ተበትኖበታል። የማርጊያ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ግማሽ ደርሷል። ለታችኞቹ ሰዎችም ሄጄ ነገርኳቸው። ከባድ ነበር፤ ግን ሰሙኝ፤ አንዱ በማግስቱ አካፋ ይዞ መጣልኝ።

የከፋኝ ይህ ነው። የአራተኛውን ኩሬ ውሃ በድጋሚ አስመርምሬ ነበር። የተላመደው ባክቴሪያ አሁንም አለ። መድኃኒትም ኩስም ካቆመ ሰባት ሳምንት ሆነው እኮ። መቼ ነው የሚጠፋው?

የላብራቶሪ ልጅ

ወንድሜ፣ ትልቅ ሥራ ነው የሠራኸው። ቁርጡን ልንገርህ፤ ቶሎ ላይጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ሲቆም ጂኑን መሸከም ለባክቴሪያው ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ብዙም የማይከብድበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ይቆያል። አለ ወይስ የለም ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ ከአንድ መቶው ባክቴሪያ ስንቱ ነው የተላመደው በላቸው። ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ መንገድህ ትክክል ነው።

ከውሃው ብቻ አትውሰድ። ከጭቃውም ከሦስት ቦታ ውሰድ፤ ከመግቢያው፣ ከመሐሉ፣ ከመውጫው። በንጹሕ ዕቃ፣ በበረዶ አድርገህ፣ በዚያው ቀን አድርስ። ከሁለት ወር በኋላ ከነዚያው ቦታዎች ድገመው።

ባለኩሬው

ከመቶ ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ሦስቱን ቦታ ዛሬ በእንጨት ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ናሙናውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁጥሩን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።